ሦስት ቤት የነበረው ኮምፒውተሬ

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ኮፒ ቤቴን ከፍቼ ኮምፒውተሩን አበራሁት። ሁልጊዜ ሲከፈት ከልጆቼ ጋር ጅሬን ወጥተን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ የተነሳነው ፎቶ ነው የሚመጣው። አልመጣም። በሱ ቦታ ኮምፒውተሩ የሚሰራበት ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንት፣ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ስዕል ቁጭ ብሏል። የአማርኛ ኪቦርዱ የለም። ፋየርፎክስ ላይ ያስቀመጥኳቸው ገጾች የሉም። የደንበኛ ስራ የማስቀምጥበት ፎልደርም የለም። ዕቃው ዛሬ ከካርቶን የወጣ ነው የሚመስለው።

ማክሰኞ ማታ ስራ ላይ እያለሁ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቷል። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ይረዳኛል። ዩፒኤሱ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ አሁን የሚያገለግለው እንደ ማከፋፈያ ነው።

በርጩማው ላይ አንዲት ተማሪ ተቀምጣለች። ከኪቶ ፉርዲሳ በባጃጅ ነው የመጣችው፣ ጃንጥላዋ ወለሉን እያራሰው ነው። "ጋሼ፣ ትናንት ያረምነውን ብቻ ያውጡልኝ፣ አድቫይዘሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል።" ያረምነው የት ነው ያለው? እዚሁ እኔ ኮምፒውተር ላይ። ፍላሽዋ ላይ ያለው ያልታረመው ነው።

ከዚያ ሰዓት እስከ እሁድ ማታ ያየሁትን አበሳ ሌላ ሰው እንዳያይ ብዬ ነው የምጽፈው። ቫይረስ አልነበረም። ሃርድ ዲስኩም አልተቃጠለም። ብዙ ሰው እንደመከረኝ ፎርማት ባደርገው ኖሮ ያልጠፋውን በገዛ እጄ አጠፋው ነበር። ነገሩ ሁሉ የመጣው ሆም ከምትባል አንዲት ቃል ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡት በእኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው። እናንተ ስትሞክሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ሆም ደግሞ ብቻውን ወይም ከዶላር ($) ጋር ሲመጣ አራቱም ፊደል ትልቅ መሆን አለበት፣ በዘንግ (/) መሀል ያለው የፎልደር ስም ግን በትንሽ ፊደል ነው። የተጠቃሚ ስሜ ኮፒ ነው። ቤት የምለው የአንድ ተጠቃሚ ፋይልና ሴቲንግ የሚቀመጥበትን ፎልደር ነው። ስለዚህ /ሆም/ኮፒ ስል ሲስተሙ መጀመሪያ የሰጠኝን ቤት ማለቴ ነው።

ሆም ምንድን ነው? ስምና ፓስወርድ አስገብታችሁ ስትገቡ ሲስተሙ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለ አንድ ፋይል ያነባል። የፋይሉ ስም ፓስወርድ የሚለው ቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን ኦ እና አር የሚባሉት ሁለት ፊደላት ተጎርደውበታል። እዚያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ መስመር አለ፣ መስመሩም በሁለት ነጥብ (:) ሰባት ቦታ ተከፍሏል። ስድስተኛው የቤቱ አድራሻ ነው፣ ሰባተኛው የሚጠቀምበት ሼል፣ ማለትም የምንጽፈውን ትዕዛዝ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም። ሲስተሙ ስድስተኛውን አንብቦ ሆም የሚል ስም ሰጥቶ ለመጀመሪያው ፕሮግራም ያስይዘዋል። ያ ፕሮግራም ለሚወልዳቸው ያወርሳል፣ እነሱም ለልጆቻቸው። የሚወረሰው ግን ቅጂ ነው። ልጅ የራሱን ቢቀይር አባቱ ጋ ያለው አይነካም። አንድ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ሆምን ብትቀይሩ ጎኑ የተከፈተው ተርሚናል ወሬውም አይደርሰው።

ይቺ ነገር የተሰወረችበት ሰው መጨረሻው እንደኔ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ኮምፒውተሩ ያረጀ ዴል ነው። ዊንዶውስ ነበር የነበረው፣ ነገር ግን ኮፒ ቤት ማለት በቀን ሃምሳ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ነው። ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ሲያማርረኝ ጊዜ ወደ ሊኑክስ ዞርኩ። በዚህ አልተጸጸትኩም። የገባበት ዋናው ዲስክ፣ ኤስኤስዲው፣ ግን 128 ጊጋ ብቻ ነው፣ ሞላ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? 1 ቴራ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ገዛሁና /ዳታ በሚል ስም እንዲገናኝ አደረግሁት። ቤቴን ሙሉ ወደ /ዳታ/ኮፒ ቀዳሁ። ከዚያ ብልጥ ነኝ ብዬ ስገባ የሚነበበው ነጥብ ፕሮፋይል የሚባል ፋይል መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ኤክስፖርት ሆም እኩል ይሆናል /ዳታ/ኮፒ። ወጥቼ ስገባ ሁሉም ነገር ከአዲሱ ዲስክ ተከፈተ። በጣም ደስ አለኝ። ከድሮው ቤት ትልልቁን ፋይል አጥፍቼ ቦታ አስለቀቅሁ። ሦስት ወር እንዲህ ሰራሁ፣ መስመሯንም ረሳኋት።

ሲስተሙ ግን አልረሳም። ፓስወርድ ፋይሉ ላይ ያለው ስድስተኛ ቦታ አሁንም /ሆም/ኮፒ ነው የሚለው። ማለትም ኮምፒውተሬ ቤትህ የት ነው ሲባል እንደ ጠያቂው ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጥ ነበር። ሆምን የሚያይ ፕሮግራም አዲሱን ያገኛል፣ ፓስወርድ ፋይሉን የሚያይ የድሮውን። ይህንን በምን አወቅሁ? በባክአፑ። ክሮን የሚባለው በሰዓቱ ስራ የሚያስነሳ ፕሮግራም ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ስወጣ ቤቴን ወደ ፍላሽ እንዲቀዳ አዝዤው ነበር። ትዕዛዞቹን በጻፍኩበት ፋይል፣ በስክሪፕቱ ውስጥ፣ $ሆም ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ዶላሩ ሆም ውስጥ ያለውን አድራሻ አምጣ ማለት ነው። ክሮን ደግሞ የነጥብ ፕሮፋይልን ወሬ አይሰማም፣ ሆምን በቀጥታ ከፓስወርድ ፋይሉ ነው የሚወስደው። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ በታማኝነት ሲቀዳልኝ የነበረው ማንም የማይኖርበትን ያረጀ ቤት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ባክአፕ አለኝ ብዬ ፍላሹን ስሰካ እዚያ ያለው የሚያዝያ ስራ ነው። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ወደ ረቡዕ እንመለስ። ተማሪዋን ፍላሽሽ ላይ ያለውን ስጪኝ፣ አብረን እንደገና እናርመው አልኳት። ተጣድፈን አረምን፣ አወጣሁላት፣ ጠርዤ ሰጠኋት፣ ሴቭም አደረግሁት። ይቺን ሴቭ ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ስትሄድ ተርሚናል ከፈትኩ። ኢኮ (አሳየኝ ማለት ነው) $ሆም ብዬ ስጽፍ /ዳታ/ኮፒ አለኝ። ልክ ነው። ገብቼ ሳየው ፎልደሩ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ማለት ይቻላል። ሰው ሰርቆኝ ነው? ፋይል ብቻ የሚሰርቅ ሌባ ደግሞ የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ባስብ በአምስት ደቂቃ ይገኝ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው እኔ ግን ቸኮልኩ፣ ነገሩም ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

የመጀመሪያው ማጥ እንዲህ ነው። የቀረውን ፋይል ወደ አንድ ቦታ ልሰብስብ ብዬ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። ኤምኬዲር ሰረዝ ፒ (ፎልደር ፍጠር ማለት ነው) ብዬ ቀጥዬ "~/ቅጂ" በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባሁ። ይቺ የማዕበል ምልክት ቲልድ ትባላለች፣ ሼሉ ሲያያት ቤቴ ብሎ ይፈታታል። (ለምን ቤት ሆነች ካላችሁ፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የወጣ ኤዲኤም 3ኤ የሚባል ተርሚናል ነበር፣ ኪቦርዱ ላይ ቲልድና ሆም የሚለው ቃል አንድ ቁልፍ ላይ ነበሩ ይባላል፣ ከዚያ ነው የተወረሰችው።) ችግሩ በጥቅስ ውስጥ ስትሆን አትፈታም። ዶላርና ሆም ብትጽፉ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ይፈታል፣ በነጠላ ጥቅስ አይፈታም። ቲልድ ግን በሁለቱም አትፈታም። ስለዚህ ሼሉ የምሬን መስሎት ስሙ ~ የሆነ ፎልደር ሰራልኝ። ፎልደሮቹን ስዘረዝር ቲልድ ቁጭ ብላ እያየችኝ ነው።

ላጥፋት ብዬ አር ኤም ሰረዝ አር ~ ብዬ ጻፍኩ። ጣቴ ኢንተር ላይ ነበር።

ጎረቤቴ እትዬ "ቡና ደርሷል!" ብለው ተጣሩ። ጅማ ተወልዶ አቦል የሚያሳልፍ የለም፣ ተነሳሁ። በሁለተኛው ስኒ ላይ ነው የገባኝ። በጥቅስ ውስጥ ያልሆነች ቲልድ ቤቴ ማለት ነች! ኢንተር ብል ኖሮ የሚጠፋው ያ ቀልደኛ ፎልደር ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ነበር። ትክክለኛው ከፊቷ ነጥብና ዘንግ ማድረግ ነው፣ ./~ ብሎ፤ እዚህ ያለችውን ቲልድ ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ በፋይል ማኔጀሩ ገብቶ ስሟን ቀይሮ በቀኝ ክሊክ ማጥፋት ነው። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ አር ኤም እና ቲልድን አንድ መስመር ላይ አላገናኝም። ለእትዬም ሳልነግራቸው ግማሽ ኪሎ ቡና ገዛሁላቸው።

ሁለተኛው ማጥ ማታ መጣ። ስልክ የሚጠግን ጎረቤት ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው፣ ኮምፒውተርም ይነካካል። "ጋሽዬ፣ ሆምህ ተሳስቷል፣ ወደ ድሮው መልሰው" አለኝ። ሐሳቡ ግማሹ ልክ ነበር። በላፕቶፑ፣ በዊንዶውስ ኖትፓድ፣ ኤክስፖርት ሆም እኩል ይሆናል /ሆም/ኮፒ ብሎ ጽፎ በፍላሽ ሰጠኝ። ተርሚናል ሲከፈት የሚነበበው ነጥብ ባሽ አር ሲ የሚባለው ፋይል መጨረሻ ላይ ለጠፍኩት። አዲስ ተርሚናል ከፍቼ ኢኮ $ሆም ስል /ሆም/ኮፒ አለኝ። ጎሽ! ሲዲ ብዬ ወደ ቤት ልግባ ስል እንዲህ የሚባል ፋይልም ፎልደርም የለም አለ። እያየሁት! ኤልኤስ /ሆም/ኮፒ ብዬ በእጄ ስጽፈው ይዘረዝርልኛል። በሆም በኩል ስጠራው የለም ይላል። አንድ ሰዓት ያህል ፊደል በፊደል ሳወዳድር አመሸሁ።

ነገሩ የማይታይ ፊደል ነው። ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት ምልክት ያስቀምጣል፣ ሊኑክስ አንድ ብቻ። ትርፉ ምልክት አይታይም፣ ሼሉ ግን የአድራሻው አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የእኔ ሆም /ሆም/ኮፒ ሳይሆን /ሆም/ኮፒ እና አንድ ስውር ጭራ ነበር። ይህን የሚያጋልጠው ካት ሰረዝ ትልቁ ኤ ነው። ከዚያ የፋይሉን ስም ስትሰጡት በየመስመሩ መጨረሻ ዶላር ያሳያል። ከዶላሩ በፊት ^ እና ኤም ካያችሁ ጭራው እሱ ነው። መስመር መጨረሻ ላይ የተረሳ ባዶ ቦታም በዚሁ ይታያል። መስመሩን አጥፍታችሁ እዚያው ናኖ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ላይ በእጃችሁ እንደገና ጻፉት፣ አለቀ። ፋይሉን ስትከፍቱ ግን በቲልድ አትጥሩት፣ ሆም ራሱ ታሟልና። ከዘንግ ጀምራችሁ ሙሉ አድራሻውን ጻፉ።

እግረ መንገዴን፣ በእኩል ይሆናል ምልክት ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ አይገባም። ኤክስፖርት ሳይቀድመው ከገባ ሼሉ ሆም የሚባል ትዕዛዝ የጠራችሁት ይመስለውና እንዲህ የሚባል ትዕዛዝ የለም ይላችኋል፣ ኤክስፖርት ከቀደመው ደግሞ እኩል ይሆናል ምልክቱ ትክክለኛ ስም አይደለም ይላል። ይሄ ቢያንስ ይጮሃል። የሚከፋው እንደ ጭራው ዝም የሚለው ነው።

ሐሙስ ገበያ ነው። ከገጠር የመጣው ሰው ዶፍ ሲጥል ቤቴ ይጠለላል፣ መታወቂያ ኮፒ ያስደርጋል፣ ማመልከቻ ያስጽፋል። ቀኑን ሙሉ በዚያው ባዶ ቤት ውስጥ ሰርቼ ዋልኩ። ማታ ጸጥ ሲል ነው በሥርዓት የጀመርኩት። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ለእናንተ የሚጠቅመው።

የልጁን መስመር አጥፍቼ አዲስ ተርሚናል ከፈትኩና ኢኮ ~ ~ኮፒ ብዬ ጻፍኩ፣ በሁለቱ መሀል ባዶ ቦታ አለ። ብቻዋን የቆመችው ቲልድ ሆምን ነው የምትጠይቀው። ስም የተለጠፈባት ቲልድ ግን ሆምን ሳትሰማ በቀጥታ የተጠቃሚውን መዝገብ፣ ማለትም ፓስወርድ ፋይሉን፣ ትጠይቃለች። ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ሁለት አንድ ዓይነት አድራሻ ይወጣል። እኔ ላይ /ዳታ/ኮፒ እና /ሆም/ኮፒ ወጣ። ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን መስመር ያዙ። ሁለቱ ከተለያዩ አንድ ሰው መሀል ላይ ጣልቃ ገብቶ ሆምን ጽፎታል ማለት ነው።

ማነው የጻፈው? ግሬፕ ሰረዝ ኤን ሆም ብዬ ነጥብ ፕሮፋይልን፣ ነጥብ ባሽ አር ሲን፣ ኢቲሲ ውስጥ ያሉትን ፕሮፋይልና ኢንቫይሮንመንት የሚባሉ ፋይሎች ፈተሽኩ። ምንም የለም። ነጥብ ፕሮፋይል ጭራሽ የለም አለኝ። ግራ ገባኝ። ለካ ፋይሎቹን የጠራሁት በ~ ነው! ቲልድ ደግሞ ወደ ተሳሳተው ቤት ነው የምትወስደኝ። ስገባ የሚነበበው ነጥብ ፕሮፋይል ያለው ሲስተሙ በሚያውቀው ቤት፣ በ~ኮፒ ስር ነው። በዚያ በኩል ስፈትሽ መስመሯ ወጣች። የራሴ እጅ፣ የሦስት ወር ዕድሜ።

እናንተ ስትፈልጉ ነጥብ ባሽ ፕሮፋይል የሚባል ፋይልም ካለ እዩ። እሱ ካለ ባሽ ሲገባ ነጥብ ፕሮፋይልን ዞር ብሎም አያየውም። ኢቲሲ ውስጥ ያለው ኢንቫይሮንመንት ደግሞ ስክሪፕት አይደለም፣ እዚያ ውስጥ ቲልድ ብትጽፉ ቲልድ ሆና ነው የምትቀረው።

መስመሯ ሦስት ወር ሰርታ ረቡዕ ለምን ከዳችኝ? ዲ ኤፍ ሰረዝ ኤች /ዳታ/ኮፒ ብዬ ይህ ፎልደር የትኛው ዲስክ ላይ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ኤስኤስዲው ላይ ነው አለኝ! አድራሻውን ትቼ ዲ ኤፍ ሰረዝ ኤች ብቻ ስልም ባለ 1 ቴራው ዝርዝሩ ውስጥ የለም። መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ የዲስኩ ፋይል ሲስተም ተጎድቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሳያገናኘው አልፏል። ኢቲሲ ውስጥ ኤፍ ስታብ በሚባለው ፋይል ላይ ኖፌል የሚል ቃል ጽፌ ነበር፣ ትርጉሙ ባይገኝም ዝም ብለህ ቀጥል ነው። ቀጠለ። ኤፍ ኤስ ሲ ኬ የሚባለውን ማስተካከያ ዲስኩ ሳይገናኝ አስኬድኩበት፣ ከዚያ ሱዱ ማውንት ሰረዝ ኤ አልኩ፤ ሱዱ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስራ፣ ማውንት ዲስክ አገናኝ ማለት ነው። ወጥቼ ገባሁ። የልጆቼ ፎቶ መጣ። ኪቦርዱ፣ የደንበኛው ስራ፣ ሁሉም እንደነበረ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ዓርብ ጠዋት ተማሪዋ መጣች። "ጋሼ፣ ረቡዕ ያወጡልኝ ላይ አድቫይዘሬ ሁለት ገጽ ብቻ ቀይሪ ብሎኛል።" ችግር የለም ብዬ ከፈትኩ። የማክሰኞው አለ። የረቡዕ የለም። የሐሙስ ማመልከቻዎችም የሉም። አሁን ደግሞ የሁለት ቀን ስራ ጠፋ!

ሦስተኛው ቤት እዚህ ጋ ነው። ዲስኩን መጀመሪያ የገዛሁ ጊዜ፣ ሳላገናኘው በፊት፣ /ዳታ/ኮፒ የሚል ፎልደር ለሙከራ ኤስኤስዲው ላይ ፈጥሬ ነበር። ዲስኩ ሲገናኝ እንደ ምንጣፍ ከላይ ይነጠፍና የስሩን ይሸፍነዋል። ረቡዕ ምንጣፉ ሳይነጠፍ ቀረ፣ የስሩ ወለል ወጣ፣ እኔም ሁለት ቀን እዚያ ላይ ስሰራ ዋልኩ። ሐሙስ ማታ ምንጣፉን መልሼ ነጠፍኩበት። አድራሻው በፊትም በኋላም /ዳታ/ኮፒ ነው፣ ቤቱ ግን ሁለት ነው። ኢኮ $ሆም ይህንን በጭራሽ አይነግራችሁም።

ምንጣፉን ሳያነሱ ስሩን ማየት ይቻላል። ሱዱ ማውንት ሰረዝ ሰረዝ ባይንድ፣ ከዚያ ብቻዋን ዘንግ (/)፣ ከዚያ /ኤም ኤን ቲ። ይህ ኤስኤስዲውን ሌሎች ዲስኮች ሳይነጠፉበት በሌላ በር ያሳያችኋል። /ኤም ኤን ቲ/ዳታ/ኮፒ ውስጥ ስገባ የረቡዕና የሐሙስ ስራ አንድም ሳይጎድል ተቀምጧል። ተማሪዋ ሁለት ገጿን ቀይራ ሄደች። ምን እንደተፈጠረ ልነግራት ሞከርኩ፣ "እሺ ጋሼ" አለችኝ በትዕግሥት።

እሁድ ሱቁን ዘግቼ ሦስቱን ቤት አንድ አደረግሁ። መጀመሪያ ሌላ የአስተዳዳሪ አካውንት ከፈትኩ። ይሄ ለሁላችሁም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የራሳችሁ ቤት ሲበላሽ ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ከኮፒ ወጥቼ በዚያ ገባሁ። ነጥብ ፕሮፋይል ላይ ያቺን መስመር አጠፋሁ። ቤትን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ማዛወር የሚፈልግ ሰው ትክክለኛው መንገድ ሱዱ ዩዘርሞድ ሰረዝ ዲ፣ አዲሱ አድራሻ፣ ሰረዝ ኤም፣ የተጠቃሚው ስም ነው። ሰረዝ ዲ መዝገቡን ይቀይራል፣ ሰረዝ ኤም ፋይሉን ያጓጉዛል። ተጠቃሚው ገብቶ እያለ ግን እምቢ ይላል፣ ሌላው አካውንት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። እንዲህ ሲደረግ ክሮንም፣ ሆምም፣ ሁለቱም ቲልዶች አንድ ቃል ይናገራሉ።

እኔ ግን ቤቱን አላዛወርኩም። በተደጋጋሚ መብራት በሚሄድበት ቦታ ቤትን ያገለገለ ዲስክ ላይ መስራት ጅልነት መስሎ ታየኝ። የተደበቁትን የሴቲንግ ፎልደሮች ወደ /ሆም/ኮፒ መለስኩ። ከባዱን የደንበኛ ስራ ብቻ ዲስኩ ላይ /ዳታ/ስራ ብዬ ትቼ፣ ቤቴ ውስጥ ስራ የሚል ማገናኛ በኤልኤን ሰረዝ ኤስ ሰራሁ። የባክአፕ ስክሪፕቱ ላይም ቤቱንና /ዳታ/ስራን ለየብቻ በሙሉ አድራሻቸው ጻፍኩ። ማገናኛን መቅዳት ማለት ውስጡን መቅዳት ላይሆን ይችላል፣ እሱን ደግሞ ሞክሬ ነው ያረጋገጥኩት። በመጨረሻ ዲስኩን ለጊዜው አላቅቄ ከስሩ ያለውን ፎልደር አጸዳሁት፣ /ዳታንም ሩት የሚባለው ዋናው አስተዳዳሪ ብቻ እንዲጽፍበት አደረግሁ። ዲስኩ የማይገናኝበት ቀን ቢመጣ እዚያ ላይ ሴቭ ልበል ብል ይከለክለኛል።

ሱዱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ እሱም አሳስቶኝ ነበር። ሱዱ ሲኬድ ሆም ምን ይሆናል ብዬ ሱዱ ኢኮ $ሆም ብል የራሴን ቤት አሳየኝ። ውሸት ነው። ዶላሩን የፈታው ሱዱ ከመጀመሩ በፊት የእኔው ሼል ነው። እውነቱን የሚነግራችሁ ሱዱ ፕሪንትኤንቭ ሆም ነው። ሚንት የተመሠረተበት ኡቡንቱ ከ19.10 ወዲህ ሱዱ ሆምን ወደ /ሩት ይቀይረዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ግን የእናንተኑ ቤት ይዞ ይሄድ ነበር፣ በሱዱ የተከፈተ ፕሮግራም ቤታችሁ ውስጥ በሩት ስም ፋይል ትቶ ይወጣና በሚቀጥለው ቀን መግባት ያቅታችኋል። የድሮ ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ ተቀብሎ መልሶ ወደ መግቢያው የሚወረውራችሁ ከሆነ ከሌላው አካውንት ሆናችሁ የፋይሎቹን ባለቤት እዩ።

ነሐሴ ላይ መብራቱ እንደልማዱ አደረገው። ጠዋት ከፈትኩ። የልጆቼ ፎቶ መጣ፣ ኪቦርዱም አለ፣ ስራ የሚለው ማገናኛ ብቻ አልከፈት አለ። ኢኮ ~ ~ኮፒ ስል ሁለቱም /ሆም/ኮፒ አሉ። በርጩማው ላይ ለተቀመጠው ደንበኛ "አምስት ደቂቃ" አልኩትና ዲስኩን አስተካክዬ አገናኘሁት። አራት ደቂቃ ነው የፈጀው።